የቱሊዮ እጀታ

ኮምፒዩተር ገና ወደ ቲያትር ቤቶች ብቅ ማለት በጀመረበት ዘመን፣ በኒውዮርክ አርባ አምስተኛው መንገድ ላይ ባለው ሜሪዶን ቲያትር፣ ሰው በሌለበት ሰዓት ሁሉ መድረኩ መካከል አንዲት አምፖል ትበራ ነበር። ለምን ሲባል አንዱ «ሰው በጨለማ ገብቶ እንዳይሰበር ነው» ይላል፤ ሌላው «ለሙታኑ ነው» ብሎ ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከልቡ አይደለም። ዴሊያ ሮስማን ከፊተኞቹ ወገን ነበረች። የመብራትን ጥበብ በኮሌጅ ተምራ፣ አዲሱን የኮምፒዩተር መቆጣጠሪያ እንድትተክል የተቀጠረች ወጣት ናትና ለሙታን ጊዜ አልነበራትም።

አንድ እሮብ ጠዋት የቦታ ልክ ልትወስድ ስትገባ ከመድረኩ ጥግ የሰው ድምፅ ሰማች። ሽማግሌው የመብራት ሠራተኛ ማላኪ ኬርዊን ብቻውን ያወራል። ከፊቱ እንደ ቁም ሳጥን የገዘፉ፣ እጀታ በረድፍ የተደረደረባቸው ሁለት አሮጌ መቆጣጠሪያዎች ቆመዋል። እነዚህ ሳጥኖች መብራቱን የሚያደበዝዙት ትርፉን ኃይል ወደ ሙቀት እየለወጡ ስለሆነ፣ ሠራተኛው ሁሉ ምሳውን በላያቸው ማሞቅ ልማዱ ነው። ኬርዊንም በቋሊማና በቃሪያ የተሞላ ዳቦውን አስቀምጧል። ዳቦው ግን ሁለት ነበር።

«ሚስተር ኬርዊን፣ እንግዳ አለብዎት እንዴ?»

«እንግዳስ አይደለም፣ ባለቤት ነው። ያኛው የቱሊዮ ነው።»

ቱሊዮ ብራንካ ሠላሳ ዓመት አብሮት የሠራ ባልደረባው ነበር። በጥር ወር ሞቷል። ኮምፒዩተሩ ሊመጣ ነው ተብሎም ቦታው ሳይተካ ቀርቷል። ይህን ሁሉ የምታውቀው ዴሊያ ጀርባዋን ብርድ ብርድ አላት፤ ሆኖም ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሁለቱን ሳጥን ብቻዎን እንዴት ቻሉት?»

«ብቻውን ነው ያለሽ ማን ነው? ተዋናይቷ ኦገስታ በትርኢቱ ሁለተኛ ክፍል ያንን ደረጃ በጨለማ ስትወርድ አይተሻል አይደል? በዚያች ሰዓት ሁለት እጄ በዚህኛው ሳጥን ላይ ተይዟል። የቱሊዮ እጀታ ግን ራሱ ይነሳል። እኔ አልነካውም፣ ልጄ። ቀና ስል ተነስቶ አገኘዋለሁ።»

«ባለፈው ሳምንትስ?»

ባለፈው ሳምንት ብርሃኑ ዘግይቶ፣ ተዋናይቷ ደረጃ ስታ ለጥቂት ነበር ከመውደቅ የተረፈችው። ኬርዊን ዓይኑን ከዳቦው ላይ ሳያነሳ «ደክሞት ይሆናል» አለ።

ሙት ይደክመዋል ወይ ብላ ልትጠይቅ ነበር፤ አልደፈረችም። ሐዘኑን ከሥራው ጋር ያሰረ ሰው በክርክር ብቻ እንደማይፈታ ገና አልተማረችምና በክርክር ጀመረች።

«ኮምፒዩተሩ እኮ የእያንዳንዱን መብራት ልክና ፍጥነት ያስታውሳል። አንዴ ካስተማሩት አይረሳም።»

«ነፍስ የሌለው ነገር ምን ያስታውሳል? እኛ በእጅ፣ በክርን፣ በጉልበት የሠራነውን አንቺ አዝራር ተጫን ትዪኛለሽ።»

«አያትዎ በጋዝ መብራት ጊዜ እዚሁ ሰፈር ይሠሩ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ።»

«አዎ፣ የጋዙን ቧንቧ ሲከፍትና ሲዘጋ ኖረ። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ‹ይህ የበድን ብርሃን ነው› ብሎ ሥራውን ጥሎ ወጣ።»

«በጋዙ ጊዜ የዳንሰኞች ቀሚስ በእሳት ይያያዝ አልነበረም?»

ኬርዊን ዳቦውን በሳጥኑ ላይ ገለበጠው። «አንዷ የአያቴ እህት ነበረች» አለ።

ዴሊያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይኸው ነው የምልዎት። ከጋዝ ወደ እጀታ፣ ከእጀታ ካርድ እየበሱ የመብራቱን ልክ ወደ መያዝ፣ ከካርዱ ወደ ኮምፒዩተር። እያንዳንዱ ሲመጣ ነፍስ የለውም ተብሏል።»

«ይሁን፣ ተሸነፍኩልሽ። ሳጥኖቹ ሲነሱ ታዲያ ቱሊዮ የት ይሂድ?»

 «ዛሬ አጠገብዎ ልቁም» አለች ዴሊያ።

ከሰዓት በኋላ ትርኢቱ ደረጃው ጋ ሲደርስ መድረኩ ጨለመ። የኦገስታ ጫማ ከላይ ቋ፣ ቋ ይላል። የኬርዊን ሁለት እጆች በራሱ ሳጥን ላይ፣ ዓይኖቹም እጆቹ ላይ ናቸው። ዴሊያ በቱሊዮ እጀታ ላይ አፈጠጠች። እጀታው ንቅንቅ አለና መነሳት ጀመረ። ጎንበስ ብላ ስታይ የኬርዊን ግራ ጉልበት ከሥር ይገፋዋል፤ ቀስ ብሎ ገፋ፣ መሃል ላይ ቆም አለ፣ ደግሞ ቀጠለ። የሰውየው ፊት ግን ምንም የሚያውቀው የለም። ጉልበቱ የሌላ ሰው ይመስል ነበር፤ ይህም ከሙት መንፈስ የባሰ አስፈራት።

መጋረጃው ሲዘጋ «የእርስዎ ጉልበት ነው» አለችው።

«አትቀልጂ።»

«ሱሪዎን ይመልከቱት።»

ከጉልበቱ በላይ የእጀታው ጥቁር ቅባት ነበር። ኬርዊን አጎንብሶ ብዙ ቆየ። «እንግዲያው እውነትም ሞቷል» አለ።

ዴሊያ አዘነችለት፤ ቢሆንም ማለት ያለባትን አለች። «ያስታወሱት እርስዎ ነዎት። ጉልበት ግን ይደክማል። የዚያች ልጅ ነፍስ በእሱ ላይ ይንጠልጠል?»

«አይሆንም።»

«እንግዲያው ቱሊዮ እንዴት ያነሳው እንደነበር ያስተምሩኝ። ለማሽኑ እንዳለ እንስጠው።»

«መሃል ላይ ያቆማል። ይህ ትርኢት ከተጀመረ አንስቶ ‹ሰነፍ፣ ትንፋሽ አጠረህ› እያልኩ እስቅበት ነበር። እሱንም አስገቢው።»

በመስከረም አዲሱ መቆጣጠሪያ ከአዳራሹ በስተኋላ፣ ከተመልካቹ ጀርባ ተተከለ። ኬርዊን ሠላሳ ዓመት ያበራውን መድረክ ከፊት ለፊት ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። በጨለማው ውስጥ አዝራሩን ተጫነ። ብርሃኑ ማንም ሳይነካው ደረጃው ላይ ወጣ፣ መሃል ላይ ቆመ። ሽማግሌው ሰውነቱን ውርር አደረገው። በዚያች ፋታ ኦገስታ በከፊል ጥላ ተሸፍና የቀሚሷን ጫፍ ሰበሰበች፤ በእግሯ ጠባቡን ደረጃ ዳብሳ አገኘች። ከዚያ ብርሃኑ ቀጠለ፤ መደነቃቀፏን ያየ ተመልካች የለም።

«ትንፋሽ አጥሮት አልነበረም» አለ ኬርዊን። «እሷን እየጠበቃት ነበር።»

ከዚያ ወዲያ የሙያ ጓደኞቹ «ማሽን አገባህ» እያሉ ሲያበሽቁት ተከራካሪው እሱ ሆነ። «የአንድ ሰው ሥራ በልቷል፣ አልዋሽም፤ ለእሱ የሠራተኛ ማኅበራችን ይሟገት» ይላቸዋል። «ነገር ግን ሳጥን ግሎ እሳት ያነሳል ብሎ የሚሰጋ የለም። አንዳችን ብንታመም ተዋናይ አይወድቅም። ትናንት ያማረው ዛሬም ያምራል፤ ሠሪውም የሠራውን ያያል።»

ከዚያም ይጨምራል። «እኔ ደግሞ ሰነፍ ስላልኩት ቱሊዮን ይቅርታ ጠየቅሁት። ሳጥኑ ሥር ቆሜ ብቀር ኖሮ፣ ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር እንዳለኝ እንኳ ሳላውቅ እሞት ነበር።»