ሳጥኑ ይሰማል

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ የቤቴ ዝምታ ሲያስጨንቀኝ፣ መጋላ ሰፈር ካለ ሱቅ ሬዲዮ ገዛሁ። ከሰዓት በኋላ ጫታቸውን ይዘው እኔ ቤት የሚሰበሰቡት ጎረቤቶቼም ይደሰታሉ ብዬ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ዘፈኑን ሰምተው አጨበጨቡ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ በአንድ ቀሩ። ግድግዳ የምትጋራኝን፣ ቀፊራ ገበያ ቅመም የምትሸጠውን አሚናን ደጇ ላይ ያዝኳትና «ምን አድርጌያችሁ ነው?» አልኳት። ግራና ቀኝ አየች። «አቦ ፅጌ፣ አንቺ ምንም አላደረግሽም። ሳጥኑ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ሲናገር እኛ ከሰማነው፣ እሱስ እኛን የማይሰማው ለምንድነው? ወንድሜ ከጅቡቲ ጨርቅ በስውር እንደሚያስገባ ታውቂያለሽ። ወላሂ እፈራለሁ» አለችኝ።

ሳቅኩ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ይናገራል እንጂ አይሰማም ብዬ ብምል ብገዘት አላመነችኝም። በማግስቱ ሬዲዮውን ለባለሱቁ መልሼ፣ «በቃ፣ ከቤቴ ወጥቷል፤ ኑ» አልኳት። ፊቷ ፈካ አለ። ግን ትንሽ አሰብ አደረገችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለማን ሰጠሽው? የሰማውን ሁሉ ይዞ እኮ ነው የሄደው» አለችኝ።

የዚያን ቀን ምንጣፍ አንጥፌ፣ ትራስ ደርድሬ ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም። ኋላ ከግድግዳው ወዲያ ሳቃቸው ተሰማኝ፤ አሚና ቤት ተሰብስበው ኖሯል። ሳል መጣብኝ። እያዳመጠችን ነው እንዳይሉኝ ፈርቼ አፌን በነጠላዬ አፈንኩት።