ደረቴ ላይ የተኛው ሐኪም

ከእጃጂ ወደ አምቦ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ገበሬና አንዲት ነጋዴ ሴት ከፊቴ ተቀምጠው ያወሩ ነበር።

«አሞዎት ነው አባባ፣ ሆስፒታል የሚሄዱት?»

«ድኛለሁ። ይህችን ማር ለሐኪሙ ላደርስ ነው።»

«ለዚያ ለቁጡው ዶክተር?»

«ቁጡ አይደለም፣ ደክሞት ነው። ጓደኛው ግንባር ከተላከ ወዲህ ብቻውን ቀረ፤ የሚያዋልደውም ጥርስ የሚነቅለውም እሱው ነው። እኔን ምን እንዳደረገኝ ልንገርሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?»

«እስቲ ይንገሩኝ።»

«ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርጎ ‹ትንፋሽዎን ይያዙ› አለኝ። ያዝኩ። ‹ይተንፍሱ› ግን አይለኝም።»

«ለምን?»

«እንቅልፍ ጥሎት ነዋ! ግንባሩ ደረቴ ላይ አረፈ።»

«ውይ! አልቀሰቀሱትም?»

«እንዴት ብዬ? ቀስ ብዬ ተነፈስኩ። ሳሌ ሲመጣ ዋጥኩት። ከእኔ ቀጥላ የምትታየው ሴትዮ በሩን ስትከፍት በእጄ ምልክት ሰጠኋት። እሷም ለሰልፉ ነገረች፤ ያ ሁሉ በሽተኛ ጸጥ አለ። አንዷ የሚያለቅስ ልጇን ይዛ ከግቢው ወጣች።»

«ሲነቃስ?»

«ደነገጠ። ‹ይቅርታ አባቴ፣ ብዙ ተኛሁ?› አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«‹መቼ ተኛህ?› አልኩት፤ ‹ደረቴን እያዳመጥክ ነበር እንጂ።›»

እኔም ለዚያው ዶክተር ላሳየው ያመጣሁትን ያበጠ ጉንጬን በጋቢዬ ሸፍኜ፣ አምቦ ስንገባ፣ ዛሬ እኔ እንኳ ልቅርለት ብዬ ወደ እጃጂ የሚመለሰውን አውቶቡስ በዓይኔ ፈለግኩ።