በጾም የሸተተ ኬክ

ሽቶ እንዲህ ጉድ ያደርገኛል ብዬ መች አሰብኩ! በሁዳዴ አንድ እሑድ ለጸሎት ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ ፓይንሪጅ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት፣ ምድር ቤቱ ቤዝመንት ውስጥ ተሰብስበናል። ጠዋት ቫኒላና ኮኮናት የሚሸት ሽቶ ተቀብቼ ነበር፤ ውጪ በዚያ የካልጋሪ ብርድ ግን ጭራሽ አልሸት ስላለኝ ደግሜ ደጋግሜ ተቀባሁ። ቤዝመንቱ ውስጥ ሞቅ ሲለኝ ኮቴን አወለቅኩ። ያ የጠፋ ሽቶ ቤቱን ሞላው! አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ ለተብርሃን ዞር ብለው አፈጠጡብኝ።

"አንቺ! በጾም ኬክ በልተሽ መጣሽ?"

ሰው ሁሉ ዞረ። "ኧረ እትዬ፣ ሽቶ ነው!" ብዬ እጄን ዘረጋሁላቸው። አሸተቱት። እንደገና አሸተቱት። ለሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡት። እኔ ይቅርታ ስጠብቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "በይ፣ እስከ ፋሲካ ድረስ ከጎኔ እንዳትጠፊ" አሉኝ።