ስፒናውን ገልብጠው

ዝናብ ባይጥል ኖሮ አጎትና የወንድም ልጅ በዚያ ቀን ባልተገናኙ ነበር። ኤሌክትሪክ ከምታስተምርበት የሙያ ትምህርት ቤት ስትወጣ ዶፍ ያገኛት መምህርት ለመጠለል ጎራ ያለችው አጎቷ ሱቅ ሆነ። አጎቷ ሰፈሩ «ጋሼ ቫልቭ» የሚላቸው አዛውንት ራዲዮ ጠጋኝ ናቸው። ለታናሽ ወንድማቸው፣ ማለትም ለዘፋኙ የመምህርቷ አባት፣ እንደ ቀድሞው ማጉያው ሁሉ በእጃቸው የሠሩትን፣ አምፖል በመሰሉ የመስታወት ቫልቮች የሚሠራ አዲስ የጊታር ማጉያ ከድነው ለመጨረስ አራት ብሎን ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ወገባቸው ተቆርጧል፤ ከዚያ በኋላ የሚመኙት ጋደም ማለት ብቻ ነው። ለደከመ ሰው ደግሞ የተማረ እንግዳ ሌላ ሥራ ነው።

«አጎቴ፣ ከመክደንዎ በፊት ልየው?»

«እዪው፣ ማየት አይከለከልም» አሉ፤ በልባቸው ግን «መጣች ደግሞ» ማለታቸው አልቀረም።

ጎንበስ ብላ ተመለከተች። ሁለቱ ትራንስፎርመሮች፣ የመብራቱና የድምፁ፣ ጎን ለጎን፣ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርገው ተቀምጠዋል። ወደ ብረት ሣጥኑ የሚመለሱት ሽቦዎች በየተገኘው ቦታ ተበይደዋል። የመብራቱ ገመድ ባለ ሁለት ሽቦ ሲሆን ከእሱ ወደ ሣጥኑ አንዲት ትንሽ ኮንደንሰር ተዘርግታለች።

«ይቺ ምን ትሠራለች?»

«ጉርምርምታውን ታበርዳለች። ያስተማረኝ ሰው እንዲህ አሳየኝ፤ እኔም አርባ ዓመት እንዲሁ ሠራሁ።»

«ሣጥኑ አይነዝርም?»

«አልፎ አልፎ ይነክሳል። ያኔ ስፒናውን ገልብጦ መሰካት ነው፤ ይተዋል። ለሁሉም ደንበኛ እነግራለሁ።»

ጋሼ ቫልቭ ይህን መልስ ስንት ጊዜ እንደ ሰጡ ቁጥሩን አያውቁትም። ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ ሲናገረው የመረመረው ይመስለዋል፤ እሳቸውም እንደዚያ መስሏቸው ኖሯል።

«የተሰካው በትክክል መሆኑንስ ባለቤቱ በምን ያውቃል?»

«በመንካት ነዋ።»

«አባቴ እጁ የጊታሩ ክር ላይ፣ ከንፈሩ ማይክሮፎኑ ላይ ነው» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እንግዲያው መሞከሪያው የአባቴ ከንፈር ነው።»

ጠጋኙ «አርባ ዓመት ማንም አልሞተም» አሉ።

«ኮንደንሰሯ ስላልተበላሸች ነዋ። ውስጧ የተበሳ ቀን የመብራቱ ኃይል ሣጥኑ ላይ፣ ከሣጥኑ ጊታሩ ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ስፒና ለመገልበጥ ማን ይደርሳል? ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ አጎቴ።»

«አንቺ ልጅ፣ ያለቀ ሥራ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብኝ። እሷን ካወጣኋት ጉርምርምታው ይመጣል።»

«ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ እናስገባ። ሦስተኛውን፣ የመሬቱን ሽቦ፣ ለብቻው በራሱ ብሎን ከሣጥኑ ጋር እናጥብቀው። አደጋ ቢመጣ ኃይሉ በሰው ሳይሆን በእሱ ይወርዳል፣ ፊውዙም ይቃጠላል። ለቀረው ጉርምርምታ አንዱን ትራንስፎርመር እናዙር፣ የተበታተኑትን መመለሻዎችም አንድ ቦታ እንሰብስብ።»

«ብረት ብረት ነው፤ የትም ቢበየድ ያው ነው።»

«ያው ቢሆን ኖሮ እርስዎ ይህን ያህል ቦታ ይቀያይሩ ነበር?» ሣጥኑ ላይ ተበይዶ የተነቀለውን ጠባሳ ሁሉ በጣቷ አሳየቻቸው። ጋሼ ቫልቭ ሳይወዱ ፈገግ አሉ።

ክርክሩን የጨረሰው ግን ንግግር አልነበረም። የድምፁን ትራንስፎርመር ከቦታው ፈታችና ከጆሮ ማዳመጫ ጋር አገናኝታ በእጃቸው ሰጠቻቸው፤ የመብራቱን ትራንስፎርመር ብቻ ሰካች። «ያዙሩት» አለቻቸው። በጆሯቸው ውስጥ የሚያጉረመርመው ድምፅ ሩብ ያህል ሲያዞሩት ጠፋ። መለሱት፤ መጣ። እንደገና አዞሩት፤ ጠፋ። ደስ አላቸው ማለት ውሸት ይሆናል፤ ከፋቸው። በገዛ እጃቸው ሊያገኙት ይችሉት የነበረ ነገር ነውና።

መበየጃውን አሙቀው ኮንደንሰሯን ነቀሉ። ከዚያ ባለ ሦስት ሽቦውን ገመድ አስገቡ፣ መመለሻዎቹን አንድ ቦታ ሰበሰቡ፣ ትራንስፎርመሩንም አዙረው አሰሩት።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ታናሽ ወንድማቸው መጣ። ማጉያውን ሰክቶ ጊታሩን አነገተ፤ ሱቁ ውስጥ ካለ ሌላ ማሽን ጋር ወደ ተያያዘው ማይክሮፎን ጠጋ ብሎ ዓይኑን ጭፍን አደረገ። ከንፈሩን አስነካና ጥቂት ጠበቀ።

«ወንድም ጋሼ፣ ዛሬስ አልነከሰኝም።»

«ለምንድነው የጨፈንከው?»

«ሁልጊዜ እጨፍናለሁ፤ እስኪነክሰኝ ድረስ። ሰው ስሜት ገብቶት ነው ይላል» ብሎ ሳቀ።

ልጁ አልሳቀችም። ጋሼ ቫልቭም ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ለሃያ ዓመት መድረክ ሥር ቆመው ያንን የተጨፈነ ዓይን ሲያዩ «ወንድሜ ዘፈኑን እንዴት ይወደዋል» ሲሉ ኖረዋል። እንባቸው መጣ፤ አልደበቁትም።

ጋደም ማለቱ ቀረ። ስልካቸውን አውጥተው ለአንድ የድሮ ደንበኛ ደወሉ። «ያን የሠራሁልህን ማጉያ ንቀለው። ገመዱን እለውጥልሃለሁ፣ የመሬት ሽቦ አስገባለታለሁ። ጉርምርምታውም ይተዋል፣ አንተም ሳትሰጋ ትጫወታለህ፣ ልጆችህም ቢነኩት አትደነግጥም... የለም፣ ዕቃው አልተበላሸም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ስልኩን ዘጉና ወደሚቀጥለው ደወሉ።