የእትዬ ዘነበች በርሜል

አሰላ የሳይንስ አስተማሪ ሳለሁ፣ ልብስ በሚያጥቡልኝ በእትዬ ዘነበች ጓሮ የኑግ ፋጉሎ የተዘፈዘፈበት በርሜል ነበር፤ ሽታው ከአጥር ማዶ ይጣራል። ጀርም የሰው ጠላት ነው እያልኩ የማስተምር ሰው አይቼ ዝም ልበል? ገበያ እስኪሄዱ ጠብቄ ደፋሁት። በርሜሉን በፈላ ውሃ አጥቤ ምስጋና ስጠብቅ፣ ከገበያ ተመልሰው «ማነው ሳሙናዬን የደፋው?» ብለው ጮኹ።

ለካ ከወፍጮ ቤቱ ሞተረኛ ቱታ ላይ ናፍጣ የሚያስለቅቁት በዚያ ውሃ ኖሯል! «እንደ እርሾ ነፍስ አለው» አሉኝ። «ተልባ ሳበላው አረፋው ይለግማል፤ ኑግ ሳበላው ግን ቅባት መንጭቆ ያወጣል። በል እንግዲህ፣ ግራሶ የነካውን ሱሪህን ራስህ እጠብ!» ለክፍል የምትሆነኝ ደህና ሱሪ እሷ ብቻ ናት፤ በሳምንቱ ደግሞ ኢንስፔክተር ሊመጣብኝ ነው። እግራቸው ላይ ወድቄ ብለምናቸው፣ «ዴራ ያለችው እህቴ እርሾውን ከኔ ወስዳለች፤ ሂድና ተዋስ» አሉኝ።

ከዴራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ እርሾው ያለበትን ገንቦ ታቅፌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያሉት አዛውንት አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው፣ «ልጄ፣ ምንድን ነው የያዝከው?» አሉኝ።

«ጀርም ነው አባቴ» አልኩ፤ «እባክዎ እንዳይደፋብኝ ይጠንቀቁልኝ።»