የቡችላዋ ጥፋት

ቡችላ ያሳደገ ሰው ያውቀዋል፤ ደጅ መሽናት እስክትለምድ ድረስ ቤቱ ሰላም የለውም። የእኔዋን ከጨለለቅቱ ከተማ ካመጣኋት ገና ሳምንቷ ነበር። አባቴም ያን ሰሞን ለሕክምና ዲላ መጥቶ እኔ ዘንድ አርፏል። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ የሳሎኑ ወለል ረጥቧል። ቡችላዋን ማጅራቷን ይዤ አፍንጫዋን እርጥቡ ላይ አሸሁት፤ በነጠላ ጫማም መታኋት። «ደጅ ውጪ አላልኩሽም? ስንቴ ልንገርሽ?» እያልኩ ስጮህ፣ አባቴ ከተቀመጠበት ቀና ሳይል፣ «ልጄ፣ እሷን ተዋት። እኔ ነኝ። ሽንት ቤት ሳልደርስ አመለጠኝ» አለኝ።

«ምንም አይደል አባዬ» እንዳልለው፣ ምን ያህል እንደሚያናድደኝ አሁን በዓይኑ አይቷል። ወለሉን ስወለውል፣ ሱሪውን ሳስቀይረው፣ ፊቱን ማየት አልቻልኩም። ቡችላዋን ላባብላት እጄን ስዘረጋ ሸሽታ አባቴ እግር ሥር ተወሸቀች። እሱም ጎንበስ ብሎ አፍንጫዋን በጋቢው ጠረገላት።