ከመስኮት ውጭ ያየሁት ዋንጫ

ክቡራትና ክቡራን፣ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ታፈረ፣ የሆቴላችን ልጆች፤ አንዲት ልብስ አጣቢ ለመሸኘት ይህን ያህል ስለደከማችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ንግግር አላውቅም። ፊደል የለየሁትም እንግዶች ጥለውት በሚሄዱት ጋዜጣ ነው። የስፖርቱን ገጽ እያነበብኩ ለባለቤቴ ለደሳለ እነግረው ነበር፤ ዓይኑ ደክሞ ነበርና።

የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን በዚያ ሻምፒዮና ሲያሸንፍ የነበረ ጊዜ ትዝ ይላችኋል? የመጀመሪያውን ጨዋታ በረንዳ ላይ አንሶላ እያጠፍኩ፣ በአዳራሹ ቴሌቪዥን በመስኮት አየሁት፤ አሸነፍን። በሁለተኛው ገብቼ ተቀመጥኩ። ወዲያው ግብ ገባብን። አስተናጋጃችን ምሥጋናው ዘሎ ተነሣ።

«እትዬ ጽጌ፣ በሞቴ ይውጡ! የእርስዎ ቦታ በረንዳው ነው!»

«ግብ ጠባቂዋ እኔ ነኝ እንዴ?» ብዬ ወጣሁ። ሁለት አገባን። ከዚያ ወዲያ ማን ያስገባኝ? ዝናብ ሲጥል እንኳ ጃንጥላ አቀበላችሁኝ እንጂ ወንበር አልሰጣችሁኝም። እንዲህ እንዲህ እያልን ፍጻሜ ደረስን።

የፍጻሜው ዕለት ደሳለ ታሞ ተኝቷል። ምሥጋናው ሊወስደኝ ባጃጅ ይዞ መጣ። እቀራለሁ አልኩ። የተቆጣኝ ደሳለ ነው።

«ሂጂ እንጂ! ኋላ ብትሸነፉ በእኔ ሊያላክኩ ነው? አሸንፈሽ ነይና ንገሪኝ።»

ሄድኩ። አሸነፍን። እናንተ ስትተቃቀፉ እኔ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። እልል እያልኩ በሩን ከፈትኩ። ጎረቤቴ አለሜ አፌን በእጇ ያዘችኝ።

ደሳለ አርፎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብሔራዊ ቡድን ሲጫወት ምሥጋናው «ሪሞቱ ጠፋ» ይለኛል። ይህን ሁሉ ዓመት የሚጠፋ ሪሞት የት አገር አለ? ልጄ፣ ዓይኔን እንደምትሸሽ አውቃለሁ። ባጃጁን ያመጣህ አንተ ነህ፤ የተሳፈርኩት ግን እኔ ነኝ። ማየት አምሮኝ ነበር። የእኔን ለእኔ ተውልኝ። ያንተን ግን ዛሬ እዚሁ ጣለው።

ነገ ኩልመስክ፣ እኅቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ዛሬ ከሰዓት ግን የብሔራዊ ቡድናችን ልጆች ይጫወታሉ አሉ። ምሥጋናው፣ ቴሌቪዥኑን ክፈተው። ዛሬ እኔም ውስጥ እቀመጣለሁ፤ ከገባብንም ይግባብን።

እናንተን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። ደጃችሁ እንግዳ አይጣ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። የምሥራች ይዛችሁ ቤታችሁ ስትገቡ፣ የሚሰማችሁ ሰው አትጡ።